ግማሽ ጥቁር አፍንጫ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አዲስ ጥቁር ጫማ አድርጌ ነበር። ጎባ ያለው የእንስሳት ክሊኒክ ኃላፊ ዶክተር ወርቅነህ መጀመሪያ ያዩት የምስክር ወረቀቴን ሳይሆን ጫማዬን ነው።

«ሠርግ አለብህ?» አሉኝ።

«የለብኝም ዶክተር።»

«እንግዲያው ቦት ጫማ ከበሩ ኋላ አለልህ።»

ከበሩ ኋላ የነበሩት ቦቶች ሁለቱም የግራ እግር ነበሩ። ምርጫ ስላልነበረኝ እነሱኑ አጥልቄ ሥራ ገባሁ።

በእንስሳት ጤና ረዳትነት ስመረቅ የማልመው በሬና ፈረስ ነበር። ባሌ ውስጥ በሬ ያዳነ ሰው ይከበራል፤ ፈረስ ያዳነ ደግሞ ገበያ መሀል በስሙ ይጠራል። የእኔ የመጀመሪያ በሽተኛ ግን ውሻ ሆነ። ያውም ሌላው አካሉ ሁሉ ደህና ነው፤ አፍንጫው ላይ ብቻ ቅርፊት ይዟል። ይህን ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ አጠገቡ ተንበረከክሁ።

«ንካና ንገረኝ» አሉ ዶክተር ወርቅነህ።

ነካሁት። «ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ነው።»

«ደረቅ ቢሆንስ ኖሮ?»

«ታሟል እል ነበር።»

«ከእንቅልፉ የተነሣ ውሻ አፍንጫው ደረቅ ነው። እሳት ዳር የዋለም ደረቅ ነው። ሁሉም ታመዋል?» አሉና ጫፉ ላይ ክር የታሰረበት ቴርሞሜትር ሰጡኝ። «ትኩሳት የሚለካው በሌላኛው በር ነው። ዞረህ አንኳኳ።»

ክሩ ለምን እንደታሰረ መጠየቅ አፈርኩ። ውሻው ድንገት ቁጭ ሲል መልሱን አገኘሁ።

ትኩሳት አልነበረውም። እኔ የቅባት ዓይነት ለመምረጥ ወደ መደርደሪያው ስሄድ ዶክተር ወርቅነህ ባለቤቲቱን መጠየቅ ጀመሩ። ምን ይበላል? የት ይተኛል? የት ይውላል? ሴትየዋ ውሻዋን አንቀባርራ የምትይዝ ነበረችና በኩራት መለሰች፤ ጠዋት ጠዋት ከቤተሰቡ እኩል ገንፎ ይቀርብለታል አለች። ገንፎው መቼ ነው የሚቀርብለት? ከምድጃ እንደወጣ። ቅቤ አለው? እንዴት አይኖረው!

«የኔ እመቤት፣ እርስዎ በማንኪያ ከዳር ከዳር ነው የሚበሉት። እሱ ግን ማንኪያ የለውም» አሏት ዶክተር ወርቅነህ።

ቅባት አልታዘዘም። ገንፎው እንዲቀዘቅዝ ታዘዘ። ሴትየዋ ስትወጣ ዶክተር ወደ እኔ ዞረው፣ «አፍንጫ ከውሻው ቀድሞ ሁሉ ቦታ ይደርሳል። መደርደሪያውን ከመክፈትህ በፊት የት ደርሶ እንደመጣ ጠይቅ» አሉኝ። ይህን የነገሩኝ ሁለት የግራ ቦት አድርጌ ቆሜ ስለነበር ብዙም ክብደት አልሰጠሁትም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሮቤ ተዛወርኩ። ሮቤ ከተማ ስለሆነች ውሻ ይበዛል፤ ውሻ ሲበዛ አፍንጫ ይበዛል። ባልደረቦቼ የውሻ አፍንጫ በመጣ ቁጥር «ይህ የስለሺ ነው» እያሉ ወደ እኔ ይመሩት ጀመር። እነሱ ላም ሲያዋልዱ እኔ አፍንጫ አያለሁ። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ በኋላ ግን ላም በእርግጫ ስትመታቸው እያየሁ ንዴቴ በረደልኝ።

አንድ ቀን አንድ መካኒክ ውሻውን ይዞ መጣ። የእንስሳው ፊት እስከ ጆሮው ድረስ ጥቁር ዘይት ጠጥቷል። አፍንጫው ላይ ትንሽ እከክ ቢያይበት ከመኪና ያወጣውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብቶት ነው። በእኛ አገር ይህ ልማድ ነው። በግም ይቀቡታል፣ ግመልም ይቀቡታል።

«ለምን ቀባኸው?» አልኩት።

«ይህን የሚያህል ሞተር የሚያለሰልስ ዘይት አንድ አፍንጫ ያቅተዋል?»

«ሞተር ራሱን አይልስም።»

መካኒኩ ትንሽ አሰበና፣ «እሱስ እውነት ነው» አለ። ውሻው ዘይቱን እየላሰ ሲያስታውክ ነበር ያደረው። አፍንጫውን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጠብነው፤ በሁለተኛው እጥበት ውሻው ነጭ መሆኑን አወቅን። መካኒኩም አያውቅም ነበር መሰለኝ ደነገጠ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አፍንጫው ከጥቁርነት ወደ አመድማ እየተለወጠ ያለ ውሻ አመጡልኝ። ቁስል የለውም፣ አያመውም፣ ቀለሙ ብቻ እየሸሸ ነው። ሰፈሩ «ዓይን በላው» ብሏል። የሚበላበትን አምጡ አልኳቸው። ተቆርጦ ገበታ የሆነ አሮጌ ቢጫ ጀሪካን አመጡ፤ ጠርዙ በጥርስ ተበልቶ ሻካራ ሆኗል። ፕላስቲክ የአፍንጫ ቀለም ያሸሻልና ጀሪካኑን በቆርቆሮ ሳህን ለውጡ አልኩ። ከወራት በኋላ አፍንጫው መልሶ ጠቆረ። ባለቤቶቹ ጀሪካኑን ጥለው ዓይነ ጥላ የማስወግደው እኔ እንደሆንኩ አወሩ፤ ያን ሰሞን የመጣልኝን በሽተኛ አልናገርም።

ከአንገቱ ከተማ የመጣው የማር ነጋዴ ውሻ ግን እስካሁን ያስቀኛል። የጫካ ቀፎ ውስጥ አፍንጫውን ሰክቶ አፍንጫው ሎሚ አክሎ ነበር። መርፌ ወጋሁትና ዳነ። በማግስቱ ጫካ ሲገቡ ተመልሶ ሰካ። ለዚያ ዓይነቱ ጠባይ እስካሁን መድኃኒት አልወጣለትም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ስሜ ወጣ። ከዲንሾና ከጎባ የሚመጡ ገበሬዎች በኦሮምኛ «ዶክተር ፉኛን» ይሉኝ ጀመር፤ ዶክተር አፍንጫ ማለታቸው ነው። ዶክተር አይደለሁም፣ ረዳት ነኝ እላለሁ። «አፍንጫስ?» ይሉኛል። እሱን መካድ አልቻልኩም። ስልክ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ፎቶ ይልኩልኛል። ባለቤቴ አንድ ቀን የልጆቻችንን ፎቶ ስልኬ ውስጥ ልትፈልግ ገብታ ሃያ የውሻ አፍንጫ አልፋ አንድ ልጅ አገኘች። እሱም ውሻ ይዞ ነው የተነሣው።

አሁን ወደ ሌንጮ ልምጣ፤ ብዕር ያነሣሁትም ለእሱ ብዬ ነው።

ሌንጮ የሐጂ ከድር ውሻ ነው። ሐጂ ከድር ከዲንሾ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ገብስ የሚያርሱና በግ የሚያረቡ ሽማግሌ ናቸው። ውሻውን ስሙን ከአንበሳ አውጥተውለታል፤ ስሙም አላሳፈረውም። ጅብ የሐጂን በረት ትቶ ጎረቤት የሚሄደው በእሱ ምክንያት ነበር። ገላው ቡናማ ሆኖ ከግንባሩ አንድ ነጭ መስመር ወርዶ አፍንጫውን ለሁለት ይከፍለዋል። የቀኙ ግማሽ ጥቁር፣ የግራው ግማሽ ሮዝ ነው። ለእብድ ውሻ በሽታ የከተብኩት ራሴ ነኝና ያንን ፊት አልረሳውም።

ስልክ የደወሉልኝ በበጋ፣ ፀሐዩ ሲጠነክር ነው። ያን ሰሞን እኔ ለውሻ ክትባት ዘመቻ ሳነቲ ሜዳ ላይ ሰንብቼ መመለሴ ነበር። ቀይ ሰው ስለሆንኩ የሜዳው ነፋስና ፀሐይ አፍንጫዬን ልጦት፣ ባለቤቴ የተቀቀለ ድንች እያለች ስታሾፍብኝ ነው ስልኩ የጮኸው።

«አካም ጅርታ ስለሺ፣ ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና ነው? ከብቱ ደህና ነው?» አሉ ሐጂ። ሮቤ ውስጥ ከብት እንደሌለኝ ያውቃሉ፤ ሰላምታ ግን አይጎመድም። ሁሉንም ጠይቀው ከጨረሱ በኋላ ድምፃቸው ወረደ። «ሌንጮን ሊገድሉብኝ ነው ልጄ።»

በማግስቱ፣ ሐሙስ ነበር፣ በማለዳ ሚኒባስ ሄድኩ።

ሌንጮ መንደሩ መሀል ባለው የግጦሽ ሜዳ ላይ ከመብራት እንጨት ጋር በአጭር ሰንሰለት ታስሯል። ዙሪያውን ዛፍ የለም፣ ግንብ የለም፣ ቁጥቋጦ የለም። ሜዳው ዳር የመንደሩ ሽማግሌ ኦቦ ገመዳ ሰፊ ባርኔጣቸውን ደፍተው ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ይጠብቁታል። ሐጂ ከድር ከእነሱ ራቅ ብለው በጋቢያቸው ተጠቅልለው ቆመዋል። የተጣሉ አይመስሉም፤ የሚያስፈራቸው ነገር አንድ ሆኖ ሳለ ሐሳባቸው የተለያየ ሰዎች ነው የሚመስሉት።

ኦቦ ገመዳን ጉዳዩን ጠየቅኋቸው። ባለፈው ክረምት ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ያበደ ውሻ አንዲት ጊደር ነክሶ ጊደሯ አረፋ እየደፈቀች ሞታለች። ዘንድሮ ደግሞ ክረምቱ እንደወጣ የሌንጮ አፍንጫ መቁሰል ጀመረ። ተማከሩ። ሁሉም ሰው ከደጁ ሆኖ እንዲያየው ሜዳ መሀል ይታሰር፣ ከተሻለው ወደ ቤቱ ይግባ፣ ከባሰበት ይገደል ተባባሉ። ሐጂም ለመንደሩ ሰላም ብለው እሺ አሉ።

«ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው» አሉ ኦቦ ገመዳ። «በየቀኑ ይብስበታል። ነገ ከጁምዓ በኋላ እንጨርሳለን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ፍርሃታቸውን አልናቅሁም። የእብድ ውሻን በሽታ ያየ ሰው አይስቅበትም። ጓንት አጥልቄ፣ አፉን በፋሻ አስሬ ምርመራዬን ጀመርኩ። በደንብ ይበላል? ቂጣ ሁለት ሁለት ይውጣል አሉ ሐጂ። ውሃ ይጠጣል? ይጠጣል። ጌታውን ያውቃል? ጅራቱ መለሰልኝ። ትኩሳት የለውም፤ ቴርሞሜትሩን በክሩ ይዤ ነው የለካሁት። ዓይኑ ንጹሕ ነው፣ ከአፍንጫው መግል አይወርድም፣ የመዳፉ ሥጋ ለስላሳ ነው። ከቅርፊቱ ዳር በምላጭ ፋቅ አድርጌ በመስታወት ላይ ያዝኩ፤ ሮቤ ስመለስ በማይክሮስኮፕ የእከክ ተባይ ካለ አየዋለሁ።

«ኦቦ ገመዳ፣ ሌንጮን ራሴ ከትቤዋለሁ። ደግሞም ያበደ ውሻ ሦስት ሳምንት ቆሞ ቂጣ አይበላም። ቀኑ ሳይረዝም ራሱ ይሞታል» አልኳቸው።

«እሺ እብደት አይሁን። የሚጋባ እከክ ቢሆንስ? በጎቻችንስ?»

እሱን ለመመለስ አፍንጫውን ደግሜ አየሁት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በሮዙ ግማሽ ላይ ቅርፊት አለ፣ ስንጥቅ አለ፣ ደም አለ። ነጩ መስመር እስካለበት ድረስ ይሄድና ጥቁሩ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ጥቁሩ ግማሽ እንደ አዲስ ጫማ ያበራል። እከክ እንዲህ ድንበር አያከብርም።

ዶክተር ወርቅነህ ትዝ አሉኝ። የት ይውላል? ቀና ብዬ አየሁ። ውሻው እዚህ ነው የሚውለው።

«ይህ ፀሐይ ነው» አልኩ። «ሮዝ አፍንጫ ፀሐይ አይችልም። ያሰራችሁበት ቦታ ነው ያባሰበት።»

ሦስቱም ሽማግሌዎች ሳቁ። እንዲያውም አንደኛው ጋቢውን ወደ አንገቱ ሳብ አድርጎ ሳቀ።

«ፀሐይ?» አሉ ኦቦ ገመዳ። «እኛ እዚህ በብርድ ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል፣ አንተ ፀሐይ ትለኛለህ። ቆላው ዶሎ መና ቢሆን እሺ። ዲንሾ ላይ ፀሐይ ማንን አቃጥላ ታውቃለች?»

ከልባቸው ነው የተናገሩት። ደጋ ያደገ ሰው ፀሐይን የሚያውቃት በሙቀቷ ነው፤ ካልሞቀች የለችም። እኔም ሳነቲ ላይ ከመላጤ በፊት እንዲሁ ነበርኩ። ጣቴን ወደ ፊቴ ጠቆምኩ።

«እስቲ የእኔን አፍንጫ ይዩ።»

ሽማግሌው ቀረብ ብለው አዩኝ። «ተልጧል።»

«ብርድ ላይ ነው የሰነበትኩት። ሳነቲ። በሁለት ካፖርት።»

«እከክ ይሆናላ! አንተንም ከሌንጮ ጋር እንሰርህ?» አሉ፤ ሜዳው በሳቅ ተሞላ። ሐጂ ከድር ብቻ አልሳቁም፤ ዓይናቸው ከእኔ ላይ አልተነሣም።

«እሺ ልታሰር» አልኩ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህን ባርኔጣ ለምንድን ነው የሚያደርጉት?»

«ለፀሐይ ነዋ!»

«በዚህ ብርድ?»

ኦቦ ገመዳ እጃቸውን ወደ ባርኔጣቸው ሰደዱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የሌንጮን አፍንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ አዩት። ጥቁሩን አዩ፣ ሮዙን አዩ፣ መሀል ያለውን መስመር በዓይናቸው ተከተሉ።

«እንዳልከው ቢሆንስ» አሉ በመጨረሻ፣ «ጥላ ውስጥ ካስገባነው ማን ያየዋል? ተስማምተን ያሰርነው ሁሉም ሰው ከደጁ እንዲያየው ነው። የሐጂ ጓሮ ከገባ ነገ ሰው ሐጂ ደበቁት ይላል።»

ይህም እውነት ነበር። ስለዚህ ያልታሰበ ነገር ተወሰነ። ጥላው ወደ ሌንጮ ይምጣ ተባለ። ከየቤቱ እንጨት መጣ፣ የጽድ ቅርንጫፍ መጣ፣ አንድ አሮጌ ሸራ መጣ፤ ከሰዓት በኋላ ሜዳው መሀል ለአንድ ውሻ ዳስ ተጣለ። በአስፋልቱ የሚያልፉ ሚኒባሶች ፍጥነት እየቀነሱ ማን ሊያገባ ነው ብለው ይጠይቁ ነበር። ኦቦ ገመዳም በአጭሩ፣ «ሌንጮ» እያሉ ይመልሱ ነበር።

የተስማማነው እንዲህ ነው። እስከሚቀጥለው ጁምዓ ይጠበቃል። ከተሻለው ይፈታል፣ ከባሰበት ግን እኔም አፌን እይዛለሁ። ነፍሱ በአንድ ሳምንት ጥላና በአንድ ቆርቆሮ ቫዝሊን ላይ ወደቀች።

ሕክምናው ቀላል ነው። ቅርፊቱን ለብ ባለ የጨው ውሃ አርጥቦ ማለስለስ እንጂ መንቀል የለም። ከዚያ ቫዝሊንን ከንጹሕ ጥላሸት ጋር ለውሶ ሮዙን ግማሽ ማጥቆር፤ ጥቁሩ ፀሐይን ስለሚችል ሮዙንም ጥቁር እናደርገዋለን። ለሰው ቃጠሎ የሚቀባው ነጭ ቅባት ለውሻ አይሆንም፤ ይልሰዋል፣ ይመርዘዋል። ቫዝሊኑንም ቢሆን እንዳይልሰው ምግቡ ሊቀርብ ሲል ነው የሚቀባው። ምላሱ ሥራ ላይ ሲሆን አፍንጫው ያርፋል። ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ።

ይህን ሁሉ ለሐጂ በዝርዝር አስረድቼ ስጨርስ ሽማግሌው መሬት መሬት ያያሉ።

«ማን ነው የሚቀባው?» አሉ።

እንዴት አላሰብኩትም! ሐጂ አጥባቂ ሙስሊም ናቸው። ውሻ ለጥበቃ መያዝ ይፈቀድላቸዋል፤ እርጥቡ ግን ከነካቸው ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ መታጠብ አለባቸው። የሌንጮ አፍንጫ ደግሞ ከእርጥብነት በቀር ሥራ የለውም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሐጂ ሌንጮን በእጃቸው ነክተውት አያውቁም። ምግቡን ከርቀት ይወረውሩለታል፣ ከርቀት ያወሩታል። ሲያወሩት ሰምቻለሁ፤ የበግ ዋጋ ሳይቀር ያማክሩታል። ባለቤታቸው አደ ፋጡማም እንዲሁ ናቸው። ጎረቤት እንዳይቀባ ጎረቤቱ ገና እብድ ነው ብሎ ይፈራል። እኔ ሮቤ ነኝ፤ በቀን ሁለቴ አልመጣም።

«ጓንት እሰጥዎታለሁ» አልኩ። አንድ እሽግ ትቼላቸው፣ ከረዥም እንጨት ጫፍ ላይም ጥጥ ጠቅልዬ አስሬላቸው ተመለስኩ። በማግስቱ በማይክሮስኮፕ አየሁ፤ ተባይ የለም። ደስ ብሎኝ ደወልኩ።

«እንጨቱን ሲያይ ሸሸ» አሉኝ ሐጂ። «ልጅ ሆኖ ከጫጩት ጋር ሲጣላ በእንጨት ነው ያስተማርኩት። አልረሳውም።»

«ጓንቱስ?»

«ጓንቱን ሲያይማ እንጨቱን መረጠ። ጓንት አድርጎ መርፌ የወጋው ማን ነበር?»

እኔ ነበርኩ። እሑድ ዕለት እንደምንም መጥቼ ራሴ እቀባዋለሁ አልኳቸው። «አትድከም፣ አላህ ያውቃል» ብለው ዘጉት። በማግስቱ ቅዳሜ ስደውል፣ «ተቀብቷል» አሉ። ማን ቀባው? «ተቀብቷል ስልህ። ከብቶችህ ደህና ናቸው?» እሑድም ተቀብቷል፣ ሰኞም ተቀብቷል። ስልኩን ለአደ ፋጡማ ሰጥተውልኝ ብጠይቃቸው ሳቁና፣ «እኔ ውሃ ማሞቅ ነው ሥራዬ» ብቻ አሉኝ። አልገባኝም ነበር።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደረስኩ። መንደሩ ሁሉ ዳሱን ከቦ ቆሟል፤ በእርግጥም ሠርግ ይመስላል። ኦቦ ገመዳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡና ጎንበስ አሉ። እኔ ውጭ ቆሜ ጠበቅሁ። እውነቱን ለመናገር በሬ ሳክም እንኳን እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

ሽማግሌው ሲወጡ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የጥላሸት ነጥብ ነበረባቸው፤ ሌንጮ ሰላም ብሏቸዋል። «ቅርፊቱ ወድቋል» አሉ። «ከሥሩ አዲስ ቆዳ አለ። ፍቱት።» ከዚያ ወደ ሸራው ቀና ብለው፣ «ዳሱን ግን አታፍርሱት፤ የልጄ ሠርግ ቀርቧል» አሉ። አፍንጫቸው ላይ ያለውን ነጥብ ማንም ደፍሮ አልነገራቸውም።

ሰንሰለቱ ሲፈታ ሌንጮ ወደ በጎቹ አልሮጠም። በቀጥታ ወደ ሐጂ ከድር ሄደና እንደ ልማዱ ከእሳቸው አንድ እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ። ድንበሩን ያውቃል። ሐጂም እንደ ልማዳቸው ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ከዚያ ግን አፍንጫውን ወደ ላይ አቀና፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጠበቀ። ቅባት የለመደ ውሻ እንዲያ ነው የሚያደርገው።

ለሰላምታ እጄን ስዘረጋ ሐጂ እጃቸውን ሰጡኝ። የቀኝ አውራ ጣታቸው እስከ አንጓው ጥቁር ነው። ጥላሸት በቫዝሊን ሲለወስ በሰባት ውሃም አይለቅም። ጣቶቻቸው በብርድ የተቆለመሙ የሽማግሌ ጣቶች ናቸው፤ ክረምት ከበጋ በሪህ ይሰቃያሉ፣ የዲንሾ ማለዳ ደግሞ በረዶ ነው። በቀን ሁለቴ፣ በእያንዳንዱ ሰባት ጊዜ። አንጀቴን በላኝ።

«ሐጂ፣ በእጅዎ?» አልኩ።

«እጄን ብቻ ነው የማይፈራው» አሉ። «ነክቼው ስለማላውቅ መትቼበትም አላውቅም።»

«መታጠቡስ?»

ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ታጠብኩ። ዲንሾ ውሃም አፈርም አልጠፋ።»

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ሌንጮ አርጅቷል፤ በየበጋው አፍንጫው ይጠቁራል። ፎቶውን የሚልኩልኝ አደ ፋጡማ ናቸው፤ ከጥጉ አንድ ጥቁር አውራ ጣት ይታያል። ከእኔ በኋላ ለምትመጡ ረዳቶች ይህን እላለሁ። አፍንጫ ሲታመም መጀመሪያ ውሻው የት እንደሚውል ጠይቁ። መድኃኒት ከማዘዛችሁ በፊት ደግሞ ማን እንደሚቀባው ጠይቁ።